ማጠቢያው ለእነ እሷ፣ ማድረቂያው ለእነ እሱ

ሰው ሲፋታ ቤት ይካፈላል፣ ዕቃ ይካፈላል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ተኳርፎ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ሲካፈል ግን፣ እኔ እስከማውቀው፣ ያ ሕንፃ የመጀመሪያው ነው። ማጠቢያው ለሁለተኛ ፎቅ፣ ማድረቂያው ለሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። መሐል ላይ ማንም "እነዚህስ የማን ይሁኑ?" ብሎ ያልጠየቀላቸው ሁለት ልጆች ቀሩ። የማወራችሁ የእነሱን ነገር ነው፤ ስለ ማሽን ካበዛሁ ይቅር በሉኝ፣ ያለ እሱ አይወራም።

ክረምት ነው። ማጠቢያ ብቻ ያለበት ቤት በክረምት ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ሁለተኛ ፎቅ ወጥቶ የፋርማሲስቷን ቤት ይይ። አንሶላው በሩ ላይ፣ ፎጣው መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ፣ ካልሲው በየወንበሩ መደገፊያ ላይ ተሰጥቷል። ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤት የሚሄድ ሰው ቢያንስ አንድ እርጥብ እጅጌ ፊቱን ሳይመታው አያልፍም። ልብሱ አይደርቅ፣ ሰማዩ አይከፈት፣ እናቷ አይስቁ። ፋርማሲስቷ ከሥራ ትገባለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ከዚያ ሁሉ እርጥብ ጨርቅ ሥር ተቀምጣ ጣሪያውን ታያለች። ከላይ ማድረቂያው ያጉረመርማል።

ማድረቂያውን የሚያስነሳው ቀለም ቀቢው ከሥራ ሲገባ ነው። ስለዚህ ማጉረምረሙ ሲጀምር "ገባ" ትላለች በሆዷ። ሲቆም ደግሞ "አሁን በሩን ከፍቶ ሞቅ ያለውን ልብስ እያወጣ ነው" ትላለች። እጁ ትዝ ይላታል። ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም የማይጠፋው፣ ሸሚዝ ሲያጥፍ ግን ከእሷ ይልቅ የሚጠነቀቀው እጅ። በመሐላቸው ያለው አንድ ጣሪያ ብቻ ነው። ባሕር የተሻገረ ሰው እንኳ እንዲህ የሚናፈቅ አይመስላትም።

እንዴት እዚህ እንደደረሱ ከመነሻው ልንገራችሁ።

የፋርማሲስቷ እናት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከዳይሬክተርነቱ አይደለም፤ ደረጃ ላይ ሲያገኛቸው ስንቱ ጎልማሳ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል። የቀለም ቀቢው እናት ደግሞ መጋረጃ ሰፊ ናቸው። ምላሳቸው ከመቀሳቸው አይተናነስም፤ ሆዳቸው ግን ገር ነው። ሁለቱም ባል የሞተባቸው፣ ሁለቱም አንድ አንድ ልጅ ያላቸው ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንዲሉ፣ አንቺ ትብሺ አንቺ ትብሺ ተባብለው ኖረዋል። ጉልበታቸው ባልዲና ሳፋ እምቢ ሲል ተማክረው፣ አዋጥተው፣ ማጠቢያና ማድረቂያ ገዙ። ውሃ ቆጣቢ፣ መብራት ቆጣቢ የተባለውን አዲሱን ዓይነት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ማጠቢያው ታች፣ ማድረቂያው አናቱ ላይ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ቀን ትርኢት ነበር። ሁለቱ እናቶች ወንበር አምጥተው ከክቡ መስታወት ፊት ተቀመጡ። ሻጩ "ሳሙናው ትንሽ፣ ውሃው ትንሽ፣ ጊዜው ረጅም" ብሏቸው ነበር። እነሱ ግን መች አመኑት?

"ውሃው የታለ?" አሉ ዳይሬክተሯ።

"እኔም እሱን ነው የማየው። ይሄ ነገር ልብስ ያጥባል ወይስ ልብስ ያዞራል?" አሉ መጋረጃ ሰፊዋ።

በሩን እንክፈተው ቢሉ ተቆልፏል። ዳይሬክተሯ አላስቻላቸውም፤ በሳሙና ማስገቢያው በኩል አንድ ጆግ ውሃ ለገሱት፣ መጋረጃ ሰፊዋ ደግሞ ለበረከቱ ብለው ሁለት እፍኝ የእጅ ማጠቢያ ሳሙና ጨመሩበት። ማሽኑ አረፋውን እስከ ደረጃው ድረስ ተፋው። ቆመ፣ ጮኸ፣ ራሱን በራሱ ደግሞ ደጋግሞ ሲያለቀልቅ ዋለ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ ተሰብስበው ፈረዱ፤ እናቶች ሳሙና እንዳይነኩ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ፋርማሲስቷና ቀለም ቀቢው ብቻ እንዲሆኑ። እናቶቹ ለይምሰል ተስማሙ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እሷ ሳሙናውን በሽሮፕ መለኪያ ትለካለች፣ እሱ እየሳቀ ያያታል። "ትንሽ ጠብ አድርጊበት እንጂ፣ ጠብታ እኮ ነው!" ይላታል። "ጠብታ ይበቃዋል" ትለዋለች። ስሟ ጠብታ ሆኖ ቀረ። ማሽኑ ልብስ በአጭር ጊዜ የሚያጥብ ፕሮግራም ነበረው፤ አንዳቸውም ነክተውት አያውቁም። ረጅሙን ይጭኑና፣ ጎን ለጎን ቆመው ስለ በሽተኞቿና ስለ ግድግዳዎቹ ያወራሉ። ወሬ ሲያልቅባቸው መስታወቱን ያያሉ። እዚያ ከሚዞረው ልብስ ላይ የሁለቱም ፊት ይታያል፣ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፣ ሁለቱም ቀድመው ላለመሸሽ ይታገላሉ። እወድሻለሁ፣ እወድሃለሁ የተባባሉበት ቀን የለም። ልብሱ ታጥቦ ሲያልቅ ግን ሁለቱም ሆዳቸው ይባባ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀለም ቀቢው የሥራ ልብሱን አጠበ። በዚያ ሳምንት የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ሰማያዊ ሲቀባ ነው የሰነበተው። እሱ ካወጣ በኋላ የፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋኖች ገቡ። ሲወጡ ግን ደረታቸው፣ ኪሳቸው፣ እጅጌያቸው ሁሉ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኗል። ዳይሬክተሯ አንዱን ጋዋን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ደረጃው ላይ ቆሙ። የየቤቱ በር ገርበብ ሲል ይሰማል።

"ድሮም የቀለም ቀቢ ቡትቶና የልጄ ጋዋን አንድ ላይ መግባታቸው ነው ጥፋቱ! ሰው ሁሉ ልኩን ቢያውቅ ይሄ አይመጣም ነበር!"

ቀለም ቀቢው ፊቱ ደም መሰለ። ለእናትየው አልመለሰም፤ ዞሮ ልጅቷን አየ። አንድ ነገር እንድትል ይጠብቅ ነበር። እሷም አለች። ማለት የሚገባትን ግን አይደለም። በማግሥቱ ተረኛ ነች፣ ንጹሕ ጋዋን የላትም፣ ጎረቤት እየሰማ ነው፤ ተናደደች፣ አፈረች፣ "ምናለ ያንን ልብስህን እዚህ ባትከተው!" አለችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። "ያንን" የሚለው ቃል ከእናቷ ስድብ ሁሉ ይልቅ ሲወጋው ፊቱ ላይ አየችው። "ልክ ነሽ" አላት ቀስ ብሎ። ሌላ ምንም አልተናገረም።

መጋረጃ ሰፊዋ ግን ከላይ ወረዱ። "ልካችንን እናውቃለን፣ እትዬ ዳይሬክተር! ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ለራስዎ፣ እኛ ለራሳችን!" አሉ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንቺ ሲባባሉ የኖሩ ሴቶች መሐል ያ "እርስዎ" ሲገባ፣ ሰሚው ሁሉ አለቀለት አለ። በዚያው ቀን ከሰዓት ቀለም ቀቢው ማድረቂያውን ከማጠቢያው አናት ላይ አውርዶ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ተሸክሞ ወጣ። ፋርማሲስቷ በሯን በትንሹ ከፍታ ታይ ነበር። ቀና ብሎ ያያኛል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ግን ደረጃውን እንጂ እሷን አላየም። ያን ቀን አልጋዋ ላይ ተደፍታ፣ በናፍቆትና በንዴት መሐል የትኛው እንደሚያስለቅሳት ሳታውቅ አለቀሰች።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ አንዱ ቤት አጥቦ ማድረቅ አቃተው፣ ሌላው ቤት ማድረቂያ ታቅፎ በባልዲ ያጥባል። እልህ ግን አይደርቅም፣ አይታጠብም።

ወደዛሬው ልመለስ። እሑድ ነው፤ ፋርማሲስቷ ሥራ የላትም። ጠዋት ከጠቡ በኋላ ቤታቸው በገባው ማጠቢያ አንሶላና የትራስ ልብስ አጥባ፣ የማሽኑን በር ከፍታ ስትጎትተው ክው አለች። ሰማያዊ ነጠብጣብ። ነጩ የትራስ ልብስ ላይ፣ ልክ እንደዚያን ዕለቱ፣ እዚህም እዚያም። የቀለም ቀቢው ልብስ እኮ እዚህ ማሽን ደጃፍ ከደረሰ ስንት ጊዜው ነው!

ተንበርክካ የበሩን ጎማ እጥፋት በጣቷ ገልጣ አየች። እዚያ፣ ውሃ ሳያገኘው የረጋ፣ ጥቁር ሰማያዊ የዱቄት ጓል ተጣብቋል። በጣቷ ነክታ አሸተተችው። ታውቀዋለች። ሰው ነጭ ልብስ ይበልጥ እንዲነጣለት በባልዲ በጥብጦ የሚያለቀልቅበት ሰማያዊ ዱቄት ነው።

"እማዬ!"

ዳይሬክተሯ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። ልጃቸው የያዘችውን የትራስ ልብስ አዩ፣ ጣቷን አዩ፣ ከዚያ መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

"አንቺ ነሽ?"

"ውሃ የለውም እኮ!" አሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። "ሳሙና አትንኪ አላችሁኝ፣ አልነካሁም። በዚያች ጉንጭ በማትሞላ ውሃ ልብሱ በምን ይንጣ? ልጄ ሰው ፊት ስትቆም ጋዋኗ እንዲያበራ ብዬ ነው። እላዩ ላይ ትንሽ በተን አደርግበት ነበር።"

"ያን ቅዳሜም?"

እናትየው ከተሰጣው ፎጣ ላይ የሌለ ክር መልቀም ያዙ።

"እማዬ፣ ያን ቅዳሜም?"

"ያን ቅዳሜ ትንሽ በዛ ሳይልብኝ አልቀረም።" ወንበር ስበው ከተሰጣው አንሶላ ሥር ተቀመጡ። "ያኔ አላወቅኩም፣ ልጄ ሙቺ! ከልቤ የእሱ ቀለም መስሎኝ ነው የተናገርኩት። የገባኝ በኋላ ነው፤ ባለፈው ፎጣው ላይ ሲወጣ።"

"ካወቅሽ በኋላስ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ?" አሉ ዳይሬክተሯ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ፊቴ አቁሜ 'ጥፋትህን እመን፣ ጥፋትሽን እመኚ' ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ለልጆቹ ቀላል ይመስለኝ ነበር። እኔ ላይ ሲደርስ አንደበቴ ተሳሰረ። እዚያች ሴት ፊት ቆሜ ተሳሳትኩ ከምል ሞቴን እመርጣለሁ። ይቺን አንድ ነገር ተዪልኝ ልጄ። ነገሩ ቀዝቅዟል፣ አታንቀሳቅሺው። ደግሞም ልጁ ዛሬ ይሄዳል አሉ።"

"ማ?"

"ቀለም ቀቢው ነዋ። ባሕር ዳር ያለ ትልቅ ሆቴል ሊቀባ ኮንትራት ይዟል አሉ። ክረምቱን እዚያ ነው የሚያሳልፈው። ደስ ካለውም እዚያው ይቀራል ሲሉ ሰማሁ።"

ከላይ ማድረቂያው ያጉረመርም ነበር። በእሑድ ጠዋት ለምን እንደሚያጉረመርም አሁን ገባት፤ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ልብስ እየደረቀ ነው። የእናቷን እንባ አየች፣ ጣሪያውን አየች። እናቷን ብታዋርድ አንጀቷ አይችልም፤ ያንን ሰው ጥፋተኛ እንደሆነ አድርጋ ብትሸኘው ደግሞ ራሷን ይቅር ማለት ያቅታታል። ሁለቱንም ይዞ መኖር የሚቻል መስሏት የኖረችው እስከዛሬ ጠዋት ነበር።

"ይቅር በይኝ እማዬ" አለችና የትራስ ልብሱን ይዛ ወጣች።

በሩን የከፈቱት መጋረጃ ሰፊዋ ናቸው። ድሮ "ነይ የኔ ቆንጆ፣ ግቢ" የሚሉት ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና፣ "ምን ፈለጉ?" አሏት። ልጃቸው የምትሆነውን ልጅ አንቱ ሲሏት ከጥፊ በላይ አመማት።

"ልጅዎን ላነጋግረው ነው፣ እትዬ።"

"ልጄ ሥራ ላይ ነው።"

"ትግባ እማዬ" አለ ድምፁ ከውስጥ።

ማድረቂያው ሳሎን ውስጥ ካልተሰፋ የመጋረጃ ክምር አጠገብ ቆሟል። እሱ ከማሽኑ የውሃ ማጠራቀሚያውን ስቦ አውጥቶ ሊደፋ ተሸክሞ ነበር። በእጅ የተጨመቀ ልብስ ውሃው አይወጣም፤ ማድረቂያው ቀኑን ሙሉ ይዞርና ማጠራቀሚያው ይሞላል፣ ይደፋል፣ ይሞላል። እሱም ከስቷል። በአጠገቡ አፉን የከፈተ ሻንጣ አለ። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ማጠራቀሚያው እጁ ላይ ተናወጠና ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

የትራስ ልብሱን ዘርግታ አሳየችው።

"ይሄ የዛሬ ነው" አለች። "የዛሬ ጠዋት። ቀለሙ ያንተ አልነበረም። ያን ዕለትም ያንተ አልነበረም።"

ጨርቁን ተቀብሎ እያገላበጠ አየው። "የእኔ አልነበረም?" አለ፣ እንደ ሕፃን። "እኔ እኮ የእኔ ነው ብዬ... ከዚያን ቀን ጀምሮ የሥራ ልብሴን ከእናቴ ልብስ አጠገብ እንኳ አላደርገውም። ነጭ ነገር መንካት ሁሉ ፈርቼ ነበር።"

"ታዲያ የማን ነው?" አሉ መጋረጃ ሰፊዋ ከኋላ።

ፋርማሲስቷ ዓይኗን ጨፈነች። "የእናቴ ነው። ልብሱ እንዲነጣ ብላ ሰማያዊ ዱቄት ትጨምርበት ነበር። ሳታውቅ ነው፣ እትዬ። ካወቀች በኋላ ደግሞ አፈረች።"

መጋረጃ ሰፊዋ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ የመጋረጃ ክምሩ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

"ወይ ጉዴ! ዱቄቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ! ለነጭ መጋረጃ ከማደርገው ቆንጥሬ፣ እኔው በእጄ! ባልዲ ውስጥ በጥብጪው አልኳት እንጂ እላዩ ላይ በትኚው መች አልኳት!" ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ድምፅ አወጡ። ብዙም አልቆየ፤ ፊታቸው መልሶ ጠቆረ። "ዱቄቱስ ታጥቦ ይለቃል። ልጄን በአደባባይ ያለችውን በምን ላጥበው? ንገሪኛ፣ መድኃኒት አዋቂዋ፣ ለእሱ ምን አላችሁ?"

ፋርማሲስቷ ወደ እሱ ዞረች። እሱም እያያት ነበር፤ ደስ ያለው ግን አይመስልም።

"እናትሽ ያሉትን ረስቼዋለሁ" አለ። "ትልቅ ሰው ሲናደድ ይናገራል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ፣ ጠብታ። ቀለሙ የእኔ ቢሆን ኖሮስ?"

"እ?"

"ዛሬ ይሄ ባይገኝ። ጋዋንሽን ያበላሸሁት እውነትም እኔ ብሆን። ትመጪ ነበር?"

ውሸት ቅርቧ ነበር። "አዎ፣ እመጣ ነበር" ማለት ምን ያቅታል? እሱም ማመን ፈልጎ እንደሚያምናት ታውቃለች። ግን ከዚያ ሁሉ ናፍቆት በኋላ በውሸት ልትሸኘው አልቻለችም።

"አልመጣም ነበር" አለች።

መጋረጃ ሰፊዋ ትንፋሻቸውን ሳቡ።

"አልመጣም ነበር። ትሄድ ነበር፣ እኔም ታች ተቀምጬ ጣሪያ ሳይ እኖር ነበር። በየቀኑ ይሄ ማሽን ሲነሳ ገባ እላለሁ፤ ሲቆም ዛሬ ይወርዳል እላለሁ። አንድም ቀን ግን ደረጃውን አልወጣሁም። የጋዋኑ ነገር ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም። እናቴን ፈራሁ፣ ጎረቤቱን ፈራሁ፣ 'ያንን ልብስህን' ብዬህ ዓይንህን ማየት ፈራሁ። ይቅር በለኝ የምልህ የዱቄቱን አይደለም፣ ይሄንን ነው።" እንባዋን በእጅጌዋ አልጠረገችም፣ በእጇም አልጠረገችም፤ ተወችው። "ቀለሙ ያንተ ቢሆንም እወድሃለሁ። መላ ቤቴን ሰማያዊ ብታደርገውም እወድሃለሁ። ፈሪ ሆኜ ነው እንጂ የማልወድህ ሆኜ አይደለም።"

ማድረቂያው ጨርሶ ቆሞ ነበር። ቀለም ቀቢው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቆየ፤ ሲገልጠው ዓይኑ ቀልቷል።

"ያን ቅዳሜ" አለ፣ "ረጅሙን ፕሮግራም የጫንኩት ልጠይቅሽ ብዬ ነበር። አግቢኝ ልልሽ። ቃሉን ስለማመደው ነው ያደርኩት። ጋዋኑ ቀደመኝ።"

ያ ሁሉ ጊዜ ያለ እሱ ያለቀሰችው ምንም አልነበረም፤ ይሄን ስትሰማ ነው አንጀቷ የተቆረጠው። ለካ አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀራቸው።

መጋረጃ ሰፊዋ ተነስተው ሻንጣውን ዘጉ። "መኪናው ያመልጥሃል" አሉ፣ አፍንጫቸውን እየሳቡ። "ሥራውን ተቀብለሃል፣ ሰው ይጠብቅሃል። አንቺም ዝም ብለሽ አትቁሚ፣ የኔ ቆንጆ፣ ሸኚው እንጂ!"

ሁለቱ ሻንጣውን በጋራ ይዘው ሲወርዱ የሁለተኛ ፎቅ በር ተከፈተ። ዳይሬክተሯ ደፉ ላይ ቆመዋል። የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ስብሰባ ሊመሩ የወጡ ይመስላሉ። እጃቸው ግን የበሩን እጀታ እንደጨበጠ ነው።

"ልጄ" አሉት ቀለም ቀቢውን። "ቆይ አንድ ጊዜ። ስለዚያን ቀኑ..." እጀታውን ለቀቁት። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ምን አልሽ? አልሰማሁም!" የሚል ድምፅ ከላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ወረደ።

ዳይሬክተሯ ቀና አሉ። መጋረጃ ሰፊዋ ብረቱን ተደግፈው ቁልቁል ያያሉ። ፋርማሲስቷ እናቷ በሩን ዘግተው የሚገቡ መሰላት። እናቷ ግን ደረታቸውን ነፍተው፣ በዚያ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ ጸጥ ያሰኙበት በነበረ ድምፅ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ! ልጅሽን በድያለሁ! ልክ የማያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ!" አሉ።

"አሁን ሰማሁ" አሉ መጋረጃ ሰፊዋ። "ሕንፃው በሙሉ ሰማ። በይ ነይ ውጪ፣ ይሄን ማድረቂያ የሚያወርድ ሰው እንፈልጋለን፤ ቤቴን ወንዝ አድርጎታል!"

ቀለም ቀቢው ጎንበስ ብሎ የዳይሬክተሯን እጅ ጨበጠ። "እኔ ቂም የለኝም፣ እትዬ" አላቸው። እሳቸው ግን እጁን አልለቀቁትም። ጥፍሩ ሥር ያለውን ቀለም አዩት፤ ከዚያ በሌላኛው እጃቸው ሸፈን አደረጉትና፣ "በሰላም ሄደህ በሰላም ግባ" አሉት። ለማንም እንዲህ ሲሉ ልጃቸው ሰምታ አታውቅም።

መናኸሪያው በዝናብ ጭቃ ሆኗል። ረዳቱ ስም እየጠራ ይጮኻል፣ ሰው ይጋፋል፣ ሻንጣ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ ያልፋል። ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው ነበር። የሸሚዙን አዝራር አስተካከለችለት፤ የተስተካከለ ነበር።

"ስመለስ እጠይቅሻለሁ" አላት። "እንደ ሰው፣ ቁጭ ብለን።"

"ስትመለስ አትበለኝ። ስመለስ የሚል ነገር በቅቶኛል። አሁን ጠይቀኝ።"

"እዚህ? ጭቃ ላይ?"

"እዚህ።"

"ኧረ ወንድሜ ግባ! አንተን ነው የምንጠብቀው!" አለ ረዳቱ።

ቀለም ቀቢው አንድ እግሩን የአውቶቡሱ መወጣጫ ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጭቃው ላይ እንደተከለ፣ "ታገቢኛለሽ?" አላት። የተለማመደው ቃል ይሄ አልነበረም፤ የተለማመደው ረጅም ነበር። ሌላው ሁሉ ጠፍቶበት ይሄ ብቻ ቀረ።

"አገባሃለሁ" አለች። ከመስኮቱ ዳር ተቀምጠው የሚሰሙ ሁለት ተሳፋሪዎች አጨበጨቡ።

በሩ ተዘጋ። ፊቱን መስታወቱ ላይ አየችው፤ መዳፉን መስታወቱ ላይ አድርጓል፣ እሷም ከውጭ መዳፏን ዘረጋች። ሳይደርስላት መኪናው ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ተከተለችው፣ ከዚያ ጭቃው ያዛት። አውቶቡሱ ታጥፎ ሲጠፋ ናፍቆቱ ገና በደቂቃው ጀመረ። ከእስከዛሬው ይብሳል፤ እስከዛሬ የናፈቀችው የእሷ ያልሆነን ሰው ነበርና።

ጃንጥላውን ረስታ ወደ ጎን ዘንበል አድርጋው ቆማለች። እያለቀሰች ነው፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ለመደበቅ ሳትሞክር። ከመናኸሪያው አጥር ሥር ለመንገደኛ ሶፍትና ውሃ የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ አንድ ሶፍት መዘው ዘረጉላት።

"አይዞሽ እናቴ። ማን ሄዶብሽ ነው? ወንድምሽ ነው?"

ፋርማሲስቷ ሶፍቱን ተቀበለች። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ እንግዳ ስለሆነባት በመጀመሪያ አልወጣላትም። ከዚያ፣ ሴትዮዋም፣ አጠገባቸው የቆሙትም፣ ዝናቡም እንዲሰማ አድርጋ መለሰችላቸው።

"አይደለም፣ እማማ። እጮኛዬ ነው።"